በዓለት ላይ የቆሙ አራት ግንቦች

መርከበኛ በቀን ተራራውንና ዳርቻውን እያየ ይጓዛል፤ በሌሊት ግን ወደ ወደብ ሲቃረብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ከውኃ በታች የተሸሸገው ዓለት ነው። ስለዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በባሕር ዳር የመብራት ግንብ ሲሠሩ ኖረዋል። ከእነዚህም መካከል እኛ በእንግሊዝ አገር የሚገኘውን የኤዲስቶንን ታሪክ መርጠናል፤ ዘመኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኤዲስቶን ከፕሊመዝ ወደብ በስተደቡብ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባሕር መካከል የሚገኝ ዓለት ነው። ባሕሩ ሲሞላ ዓለቱ አብዛኛው ስለሚሸፈን ብዙ መርከቦች እየተላተሙ ሰጥመውበታል።

በዚህ ዓለት ላይ በመጀመሪያ ግንብ የሠራው ሄንሪ ዊንስታንሊ ነው። ሥራው ሳያልቅ በ1697 ዓ.ም. የፈረንሳይ መርከበኞች ማርከው ወሰዱት። ሁለቱ አገሮች በጦርነት ላይ ነበሩ፤ ነገር ግን ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እንዲለቀቅ አዘዘ። የባሕር መብራት ለወዳጅም ለጠላትም ያበራልና። መብራቱ በ1698 ዓ.ም. በራ። በ1703 ዓ.ም. ግን ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ ብዙ ማዕዘንና ጌጥ የነበረውን ግንብ ከነሠሪው ጠራርጎ ወሰደው።

ሁለተኛውን የሠራው ጆን ሩድየርድ የሐር ነጋዴ ነበር። እርሱም ማዕዘኑን ትቶ ግንቡን ክብና ለስላሳ አደረገው፤ የሠራው ግን በአመዛኙ በእንጨት ነበር። ማዕበሉን ከ40 ዓመት በላይ ከተቋቋመ በኋላ በ1755 ዓ.ም. በእሳት ጠፋ።

ሦስተኛው መሐንዲስ ጆን ስሚተን ሁለቱ ግንቦች ስለ ምን እንደ ጠፉ መረመረ። እንደ ትልቅ ዛፍ ግንድ ከሥሩ የሰፋ፥ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ የድንጋይ ግንብ አሰበ። ድንጋዮቹንም እርስ በርሳቸውና ከዓለቱ ጋር ጥርስ ለጥርስ አጋጠማቸው፤ በውኃ ውስጥም የሚጠነክር የኖራ ጭቃ በሙከራ አገኘ። በ1759 ዓ.ም. 24 ሻማዎች በግንቡ አናት ላይ በሩ።

ይህ ግንብ ከ120 ዓመት በላይ አገለገለ። በመጨረሻም የደከመው ግንቡ ሳይሆን ከሥሩ ያለው፥ ማዕበል የበላው ዓለት ሆነ። ስለዚህ ጄምስ ዳግላስ በአጠገቡ ባለው ዓለት ላይ አራተኛውን ግንብ ሠርቶ በ1882 ዓ.ም. አስፈጸመ። የስሚተን ግንብ የላይኛው ክፍል ተነሥቶ በፕሊመዝ ከተማ ዳግመኛ ተተከለ፤ እስከ ዛሬም ይታያል። አራተኛው ግንብ አሁንም ያበራል፤ ከ1982 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጠባቂ አይኖርበትም።

ቤት በዓለት ላይ መመሥረት እንዳለበት ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ዊንስታንሊና ሩድየርድም የሠሩት በዓለት ላይ ነበር፤ ሆኖም ሥራቸው ጠፋ። ነገር ግን ስሚተን የእነርሱን ውድቀት ባይመረምር ኖሮ የእርሱ ግንብ ባልቆመ ነበር። እኛም ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን ስንወጣ ከእኛ በፊት የነበሩት ሠርተው የፈረሰባቸውን ነገር ብዙ እናገኛለን። በዚያን ጊዜ ከመሳቅ ይልቅ ስለ ምን እንደ ፈረሰ እንጠይቅ፤ ከዚያም ድንጋዩን በተሻለ አጋጥመን እንሥራ።