የእንግሊዝኛ ቃላትና አነጋገር ልምምድ ለሩሲያኛ ተናጋሪዎች፤ ከሶቪዬት ትምህርት ቤቶች ታሪክ

የውጭ ቋንቋ ለመማር የሚነሣ ተማሪ ባዶ እጁን አይመጣም። የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ድምፆችና የቃላት ፍች ይዞ ይቀርባል፤ ይህም ስንቅ አንዳንዴ ይረዳዋል፣ አንዳንዴም ያሰናክለዋል። በቀድሞዋ ሶቪዬት ኅብረት የተሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ታሪክ ይህንኑ በጉልህ ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1932 የኮሙኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ባወጣው ውሳኔ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ተማሪ የአንድ የውጭ ቋንቋ እውቀት እንዲያስጨብጥ ታዘዘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በብዛት ይሰጥ የነበረው ጀርመንኛ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ቀዳሚነቱን ያገኘው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ሆኖም የክፍሉ ሥራ ያዘነበለው ወደ ንባብ፣ ወደ ሰዋስውና ወደ ትርጉም ነበር።

የሌኒንግራዱ የቋንቋ ሊቅ ሌቭ ሽቼርባ (1880–1944) ስለ ውጭ ቋንቋ አስተማር ያዘጋጁት መጽሐፍ ከሞቱ በኋላ በ1947 ታተመ። እርሳቸው እንዳስረዱት፣ መምህሩ የአፍ መፍቻውን ቋንቋ ከክፍል ሊያስወጣው ቢችልም ከተማሪው አእምሮ ሊያስወጣው አይችልም። ስለዚህ ሁለቱን ቋንቋዎች ሆን ብሎ ማነጻጸር ይሻላል።

ንጽጽሩ የአነጋገርን ስሕተት ምንጭ ይገልጣል። ሩሲያኛ ምላስን በጥርሶች መካከል በማድረግ የሚነገሩት ሁለት የእንግሊዝኛ ድምፆች የሉትም፤ ተማሪው በ«ስ» እና በ«ዝ» ይተካቸዋል። «ው»ን ወደ «ቭ» ይለውጣል። በቃል መጨረሻ ላይ የሚገኝ ነዛሪ ተነባቢ በሩሲያኛ ንዝረቱን ስለሚያጣ፣ «ባድ» (መጥፎ) የሚለው ቃል «ባት» (የሌሊት ወፍ) ሆኖ ይሰማል። የአናባቢ ርዝመትም ቃል ስለማይለይለት፣ በእንግሊዝኛ በግንና መርከብን የሚሰይሙት ቃላት በአፉ አንድ ይሆናሉ። ስለሆነም ልምምዱ እንዲህ ያሉትን ቃላት ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማሰማትንና ማስደገምን ይጠይቃል።

በቃላት በኩልም የሚመሳሰሉ ቃላት ያሳስታሉ። «ማጋዚን» በእንግሊዝኛ መጽሔት ሲሆን በሩሲያኛ ሱቅ ማለት ነው። ከዚያው ከዓረብኛ ምንጭ የመጣው ቃል በአማርኛ «መጋዘን» ሆኖ የዕቃ ማከማቻን ይሰይማል። አንዱ ቃል በሦስት ቋንቋዎች ሦስት ፍች መያዙን ያወቀ ተማሪ፣ መልክን አይቶ ፍችን ከመገመት ይጠነቀቃል።

የተጓደለው ነገር በመንግሥትም ዘንድ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1961 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ውሳኔ፣ የውጭ ቋንቋ ትምህርት በተለይ በንግግር ረገድ ደካማ መሆኑ ተገልጾ፣ አንዳንድ ትምህርቶች በውጭ ቋንቋ የሚሰጡባቸው ከ700 የማያንሱ ተጨማሪ ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ ታቀደ። ከ1932 እስከ 1961 ድረስ 29 ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ዘመን የተማሩ ብዙዎች መጽሐፍ ገልጠው ሲያነቡ፣ ለመናገር ግን አንደበታቸው ይያዝ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለኢትዮጵያ መምህርም ሆነ ለዕቅድ አውጪ የሚተርፍ ትምህርት አለ። አማርኛ ተናጋሪ «ው»ን ከቋንቋው ስላገኘ በእርሱ አይቸገርም፤ በጥርስ መካከል የሚነገሩት ድምፆችና የአናባቢ ርዝመት ግን እርሱንም ያስቸግሩታል። እንግዲህ ለአንዱ ሕዝብ የተዘጋጀ የልምምድ መጽሐፍ ለሌላው እንዳለ ሊያገለግል አይችልም። የቃላትን ቁጥር በዕቅድ መወሰን ቀላል ነው፤ ድምፅን የሚያርመው ግን የሁለቱን ቋንቋዎች ጠባይ ለይቶ የሚያውቅ መምህር ነው።