የገደል ማሚቶ በሐኪም እጅ

የእናቴ ታናሽ ወንድም በጅቡቲ ወደብ ሃያ ዓመት ያህል ጭነት ሲሸከሙ ኖረዋል። የምድር ባቡሩ ሥራ በ1897 ከዚያች ከተማ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ እንጀራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ የወረደው ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ ብዙ ነው፤ አጎቴም ከእነዚሁ አንዱ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይገንዘቡልኝ።) ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀኝ ትከሻቸውን ያማቸው ጀመር፤ ክንዳቸውን ከደረታቸው በላይ ማንሣት ተሳናቸው። ወጌሻ አሻቸው፣ አልተሻላቸውም። ራጅ ተነሡ፣ «አጥንትዎ ደኅና ነው» ተባሉ። አጥንቱማ ደኅና ነበር። ልጠይቃቸው በሄድሁበት ወቅት አብሬአቸው ከአንድ የሕክምና ቤት ገብቼ ነበር፤ የአልትራሳውንድ መሣሪያው በክፍሉ ጥግ ቆሟል፤ ነገር ግን ነፍሰ ጡሮችን እንጂ ትከሻን በእርሱ መመርመር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የታሪክ መምህር እንደመሆኔ ይህ ነገር አእምሮዬን ስለያዘው መሣሪያው ከየት እንደመጣ ማገላበጥ ጀመርሁ።

መሠረቱ የፊዚክስ ባልደረቦቻችን በየክፍሉ የሚያስተምሩት የገደል ማሚቶ ነው። ሰው ጮኾ ድምፁ ከገደሉ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ቢለካ የገደሉን ርቀት ያውቃል። በአልትራሳውንድ የሚላከው ድምፅ ግን ከጆሯችን አቅም በላይ ነው። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚነዝረውን ድምፅ ሲሰማ፣ ለጅማትና ለጡንቻ ምርመራ የሚላከው በሴኮንድ ከ7 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚነዝር ነው። ንዝረቱ በበዛ ቁጥር ምስሉ ይጠራል፤ ድምፁ ግን ወደ ውስጥ ርቆ አይገባም። ለሆድ የተሠራው መመርመሪያ ለትከሻ የማይመቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ድምፅ ለማመንጨት የተቻለው በ1880 ፒየር ኩሪና ወንድሙ ዣክ አንዳንድ ድንጋዮች፣ ለምሳሌ ኳርትዝ፣ ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚሰጡ ካወቁ በኋላ ነው። የፒየር ተማሪ የነበረው ፖል ላንዥቬን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህንኑ ዕውቀት ተጠቅሞ የጠላትን ሰርጓጅ መርከብ በማሚቶ ለማግኘት የሚያስችል መሣሪያ ሠራ። መምህር ያገኘውን ተማሪው ሌላ ቦታ አደረሰው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የፋብሪካ ሰዎች በብረት ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅ ለመፈለግ ተገለገሉበት። በ1955 የግላስጎው የማሕፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ በቀዶ ጥገና የወጡ ዕጢዎችን በመኪናው ጭኖ የእንፋሎት ጋን ወደሚሠራ ፋብሪካ ሄደና በዚያው የብረት መመርመሪያ ፈተናቸው። በ1958 ውጤቱን «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተመ።

በዚያው ዓመት ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ዱሲክ ድምፁ በመገጣጠሚያ አካላት ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚደክም ለክቶ ጻፈ። የአጥንትና የጡንቻ አልትራሳውንድ ታሪክ የሚጀመረው ከዚህ ነው ቢባል ስሕተት አይመስለኝም። በ1972 ማክዶናልድና ሊዮፖልድ የተባሉ ሐኪሞች ከጉልበት ኋላ የሚቋጥረውን ውኃ በባት ሥር ውስጥ ከሚረጋ ደም ለመለየት እንደሚረዳ አሳዩ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ውኃው ፈንድቶ ባት ሲያብጥ ሁለቱ ሕመሞች ይመሳሰላሉ፤ ለረጋ ደም የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ ደም የሚያቀጥን ስለሆነ ያለቦታው ሲሰጥ ይጎዳል። በ1980 ራይንሃርት ግራፍ የሕፃናትን የዳሌ መገጣጠሚያ የሚመረምርበትን ዘዴ ከኦስትሪያ አስተዋወቀ።

እንግዲህ መሣሪያው በሣጥን ታሽጎ በመርከብ ይመጣል። እጁ ግን በሣጥን አይመጣም። ጤነኛ ጅማት ድምፁ ቀጥ ብሎ ሲያርፍበት በመስተዋቱ ላይ የተገመደ ነጭ ክር መስሎ ይታያል። መመርመሪያው ጥቂት ቢያጋድል ግን ማሚቶው ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚነጥር ያው ጅማት ጠቁሮ የተበጠሰ ይመስላል። ያልሠለጠነ ሰው በዚህ ተታሎ ጤነኛውን ለቀዶ ጥገና ሊልከው ይችላል። ስለዚህ በፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው ለዚሁ ትምህርት ዲፕሎማ ይሰጣሉ፤ ሐኪሙ ከዲግሪው በኋላ ንድፈ ሐሳቡን ይማራል፣ በባለሙያ አጠገብ ቆሞ በሕመምተኞች ላይ እጁን ያፍታታል፣ ይፈተናል። በእንግሊዝ አገር ሐኪም ያልሆኑ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችም በዩኒቨርሲቲ ይሠለጥኑበታል። ከሐኪም ሌላ የጤና ባለሙያን አሠልጥኖ ኃላፊነት መስጠት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን ሲያወጣ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ጅቡቲ ነፃ የወጣችው በ1977 ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋ በ2006፣ የሕክምና ትምህርት ቤቷ ደግሞ በ2007 ተከፈቱ። ከዚያ በፊት ሐኪም መሆን የፈለገ ወጣት ሁሉ ከአገር መውጣት ነበረበት። ይህ ሙያ በዚያች ከተማ የሚያስፈልገው ለወደብ ተሸካሚዎች ትከሻ ብቻ አይደለም። ጅቡቲ በሳንባ ነቀርሳ እጅግ ከተጠቁት አገሮች አንዷ ናት፤ በከተማይቱ የፖል ፎር ማዕከል ለዚሁ በሽታ የቆመ ነው። በሽታው ወደ አከርካሪ በተዛመተ ጊዜ መግሉ በወገብ ጡንቻ ውስጥ እየተንሸራተተ እስከ ብሽሽት ሊወርድ ይችላል። ተራ ራጅ ያንን መግል አጥርቶ አያሳይም፤ የሠለጠነ እጅ ግን በአልትራሳውንድ አይቶት መርፌውን እያየ ወደ ቦታው ይመራዋል።

አጎቴን በመጨረሻ ያየቻቸው ፈረንሳይ አገር ተምራ የተመለሰች ወጣት ሐኪም ናት። እጃቸውን ወደ ኋላ አዙረው መዳፋቸውን በዳሌአቸው ላይ እንዲያሳርፉ ነገረቻቸውና ቅባት ቀብታ ተመለከተች። ጥቁር ቦታ ታየ። መመርመሪያውን ወዲህና ወዲያ አጋደለችው፤ ጥቁሩ አልጠፋም። ጅማቱ ተቀዷል። አጎቴ መስተዋቱን ትኩር ብለው ካዩ በኋላ «ወጌሻውስ ይህን ቢያይ ኖሮ ያሸኝ ነበር?» ብለው ጠየቋት። እርሷም ሳቀች። እኔ ግን ወጌሻውን አልወቅስም፤ የተማረው በጣቱ መዳሰስን ነው፣ ያም ቢሆን ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ዓመታት የፈጀበት ትምህርት ነው።

አጎቴ አሁን ጆንያ አይሸከሙም። በዚያው ወደብ ሌሎች የሚያወርዱትን ይቆጥራሉ።