ዐጥንት የተቀበለውና ያልተቀበለው

የሰው ዐጥንት ሲሰበር ራሱን ይጠግናል፤ ከጠፋ ግን አይመለስም። ወጌሻ የተለያየውን ያገናኛል፥ የሌለውን ሊያመጣ አይችልም። ጥርስም ከወለቀች በኋላ ቦታዋ ባዶ ይቀራል፤ መንጋጋውም ሥራ ሲያጣ ከዓመት ወደ ዓመት እየሟሸሸ ይሄዳል። ስለዚህ በየዘመኑ የነበሩ ሐኪሞች በጠፋው ዐጥንትና በወለቀው ጥርስ ፈንታ ምን ቢተከል ሰውነት ይቀበለው ይሆን እያሉ ሲመረምሩ ኖረዋል። ይህን ታሪክ ብዙዎች የብልኀት ታሪክ አድርገው ያወሩታል። እኔ ግን ሳነበው እንደ ችሎት መዝገብ ሆኖ ታየኝ፤ በዚህ ችሎት ዳኛው ዐጥንቱ ነው፥ ሐኪሙም ቢሆን ፍርዱን ቁሞ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥልጣን የለውም። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1890 በበርሊን ከተማ ቴሚስቶክሌስ ግሉክ የሚባል፥ በሞልዳቪያ በያሽ ከተማ የተወለደ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ነበረ። በነቀርሳ በሽታ የተበላሸውን የጕልበት መጋጠሚያ አውጥቶ በቦታው ከዝሆን ጥርስ የተጠረበ፥ እንደ በር ማጠፊያ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ጕልበት ተከለ። መጀመሪያው መልካም ስለ መሰለ ሥራውን በሌሎች መጋጠሚያዎችም ላይ ደገመው። ነገር ግን ነቀርሳው በውስጥ ተደብቆ ነበረና መግል እየፈለቀ ተከላው ተበላሸ። የበላዩ የነበረው ታላቁ ሐኪም ኤርንስት ፎን ቤርግማን ሥራውን በብርቱ ተቃወመ፤ ግሉክም ነቀርሳ ያለበት መጋጠሚያ ለዚህ እንደማይሆን ራሱ አስታወቀ። ቤርግማን ለታማሚዎቹ ማሰቡ የሚነቀፍ አይደለም። የሚያሳዝነው፥ ጥፋቱ ከበሽታው ይሁን ከዝሆን ጥርሱ ተለይቶ ሳይመረመር ስንዴውም እንክርዳዱም ባንድነት መጣሉ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1923 በቦስተን ከተማ ማሪየስ ስሚዝ ፒተርሰን የሚባል፥ በኖርዌይ የተወለደ ሐኪም ከአንድ ሰው ጀርባ ውስጥ ብዙ ጊዜ የቈየ የብርጭቆ ስባሪ ሲያወጣ፥ በስባሪው ዙሪያ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ሽፋን በቅሎ አየ። ሰውነት ብርጭቆን ካልጠላው ብሎ አሰበና ለታመመ የጭን ዐጥንት ራስ የብርጭቆ ቆብ ሠርቶ አለበሰው። ሐሳቡ መልካም ነበረ፤ ብርጭቆው ግን የሰውን ክብደት ስላልቻለ ተሰበረ። ሌላም ሌላም ነገር ሞክሮ ዐሥራ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ መፍትሔው የመጣለት ከገዛ ጥርስ ሐኪሙ ነበረ፤ የጥርስ ሐኪሞች በዚያን ጊዜ ከኮባልት፥ ከክሮምና ከሞሊብዴነም የተቀላቀለ ቫይታሊየም የሚባል ብረት በሥራቸው ይጠቀሙ ነበርና። በ1938 ቆቡን ከዚህ ብረት ሠራው፥ ጸናለትም። ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ ቬነብልና ስታክ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በውሾች ዐጥንት ላይ መርምረው ሌላ ነገር ገልጠው ነበረ። የሰውነት ፈሳሽ ጨው ያለበት ስለ ሆነ፥ ሁለት ዐይነት ብረት ባንድ ቦታ ሲተከሉ እንደ ባትሪ ኤሌክትሪክ ያፈልቃሉ፤ ደካማው ብረት ይበላል፥ በዙሪያው ያለው ዐጥንትም ይጎዳል።

አሁን ወደ ቲታንየም እንመጣለን። ይህን ንጥረ ነገር በ1791 መጀመሪያ ያገኙት፥ በእንግሊዝ አገር በኮርንዋል የነበሩ ዊልያም ግሬጎር የሚባሉ ቄስ መሆናቸውን ስናገር ደስ ይለኛል፤ በዚያ አገር ሸለቆ ውስጥ የነበረውን ጥቁር አሸዋ ሲመረምሩ አገኙት። ስሙን ከግሪኮች ተረት ወስዶ ያወጣለት ግን ጀርመናዊው ክላፕሮት ነው፥ በ1795። ብረቱን በብዛት አጥርቶ ለማውጣት ከመቶ ዐምሳ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ፈጀ። በ1940 ቦዝ፥ ቢተንና ዳቨንፖርት የተባሉ መርማሪዎች በድመቶች ዐጥንት ውስጥ ተክለውት ዐጥንቱ ወደ ብረቱ የመጣበቅ ጠባይ እንዳሳየ ጻፉ። በ1951 ደግሞ ጎትሊብ ሌቨንታል በአይጦች የጭን ዐጥንት የቲታንየም ብሎን አጥብቆ፥ ሳምንት በጨመረ ቍጥር ብሎኑ ለመፈታት እየጠነከረ መሄዱን፥ በ16ኛው ሳምንት እንዲያውም ከአንዱ ላይ ብሎኑን ሲፈቱ ዐጥንቱ መሰበሩን ጻፈ። ፍርዱ ተሰጥቶ፥ ተጽፎም ነበረ፤ ከጥቂቶች በቀር ግን ልብ ብሎ ያነበበው አልተገኘም።

በ1952 በስዊድን አገር በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ የሚባል ወጣት መርማሪ የሚሻው ሌላ ነገር ነበረ። ደም በመቅኔ ውስጥ እንዴት እንደሚመላለስ በዐይኑ ለማየት ፈልጎ በጥንቸሎች እግር ዐጥንት ውስጥ ባለ መስኮት የሆነ ጥቃቅን የቲታንየም ዕቃ ተከለ። ዕቃው ዋጋው ብዙ ስለ ሆነ ምርመራው ሲያልቅ አውጥቶ በሌላ ጥንቸል ሊተክለው ቢፈልግ አልወጣ አለው፤ ዐጥንቱ ከብረቱ ጋራ አንድ እንደ ሆነ ሁሉ ጨብጦ ያዘው። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃዬ ተበላሸ ብሎ በተቈጣ ነበረ። እርሱ ግን የሚመረምረውን ነገር ትቶ ይህን ያዘ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቲታንየም አየር እንደ ነካው ወዲያው ከጠጕር ብዙ ሺህ ጊዜ የቀጠነ የራሱን ዝገት ይለብሳል። የሌላው ብረት ዝገት ብረቱን ሲበላው ይህ ግን ልብስ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ቢፋቅም ወዲያው ይተካል። ዐጥንቱ የሚያገኘው ይህን ልብስ ነው፥ ብረቱን አይደለም። ከዚህም ሌላ ክብደቱ የብረታ ብረትን እኩሌታ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ግትርነቱም ያነሰ ስለ ሆነ ሸክሙን ሁሉ ለብቻው ተሸክሞ ዐጥንቱን ሥራ አያስፈታውም።

ብሮኔማርክ ይህን ነገር «ኦሴዮኢንተግሬሽን» ብሎ ጠራው። በእኛ ቋንቋ ምን እንበለው? አንዳንዶች ውሕደት ይሉታል፤ እኔ ግን ይህ ቃል የበዛበት ይመስለኛል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ዐጥንቱ ዐጥንት፥ ብረቱም ብረት እንደ ሆኑ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ሥጋ አለመኖሩ ብቻ ነው የተገለጠው። ስለዚህ «ለጸቀ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ወስደን ተላጽቆ ብንለው ወደ እውነቱ ይቀርባል።

በ1965 በጎተንበርግ ከተማ ዮስታ ላርሶን የሚባል፥ ከልደቱ ጀምሮ ላንቃውና መንጋጋው የተጎዳ፥ በታችኛው መንጋጋው ጥርስ የሌለው ሰው ፈቃደኛ ሆኖ ቀረበ። ብሮኔማርክ አራት የቲታንየም ብሎኖች በመንጋጋው ተከለለት፤ ድዱንም በላያቸው ሰፍቶ ለብዙ ወራት ምንም ሳያሸክማቸው ተዋቸው። የሥራው ምሥጢር ከብረቱ ይልቅ በዚህ መጠበቅ ላይ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም፤ ቸኩለው ያሸከሙት ብሎን ይነቃነቃል፥ የተነቃነቀውንም ዐጥንት ትቶ ሥጋ ይከበዋል። የአገሩ የጥርስ ሐኪሞች ግን ለብዙ ዓመት ተሣለቁበት። እርሱም የዐሥር ዓመት ውጤቱን በ1977 አሳተመ፤ በ1982 በቶሮንቶ ከተማ በተደረገው ጉባኤ የአሜሪካ ሊቃውንት ሥራውን ተቀበሉት። ላርሶን በ2006 እስከ ሞተ ድረስ በእነዚያው ብሎኖች ላይ በተሠሩት ጥርሶች በላ።

ሌላም መንገድ ተገኝቷል። በ1967 ላሪ ሄንች የሚባል የመስተዋት ሊቅ ወደ አንድ ጉባኤ በአውቶቡስ ሲሄድ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ኮሎኔል አጠገቡ ተቀመጠና፥ የሰው ሰውነት የማይጥለውን ነገር መሥራት ይቻል እንደ ሆነ ጠየቀው። ሄንች በ1969 ሲሊካ፥ ሶድየም፥ ካልስየምና ፎስፎረስ ያለበት መስተዋት አቀለጠ፤ የመስተዋቱ ገጽ በሰውነት ውስጥ ጥቂት ሟሙቶ የዐጥንትን ማዕድን የሚመስል ሽፋን ስለሚያበቅል፥ በአይጥ ዐጥንት ቢተከል አልላቀቅ አለ። የስሚዝ ፒተርሰን ብርጭቆ የተሰበረበት ዕዳ በዚህ ተከፈለ ለማለት ይቻላል፤ ይህም ቢሆን ተሰባሪ ስለ ሆነ ከባድ ሸክም አይሰጡትም።

እስካሁን ያልነው ዐጥንት ውስጥ ተተክሎ ስለሚቀመጥ ነገር ነው። መጋጠሚያ ግን ይፋተጋል፥ የተፋተገም ይፈጫል። በእንግሊዝ አገር በራይቲንግተን ሆስፒታል የነበረው ጆን ቻርንሊ ከ1958 ገደማ ጀምሮ ለዳሌ መጋጠሚያ የብረት ኳስና የቴፍሎን ጽዋ ይተክል ነበረ። ሦስት መቶ ያህል ሰዎች ከሕመማቸው ተፈወሱ ተብሎ ደስታ ሆነ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ግን ቴፍሎኑ ተፈጭቶ ዱቄቱ ዐጥንቱን አስበላው፤ ቻርንሊም የተከለውን በገዛ እጁ መልሶ ያወጣ ጀመር። በ1962 የመሣሪያ ሠሪው ሃሪ ክሬቨን ፖሊኤቲሊን የሚባል ሌላ ፕላስቲክ ቢያሳየው በጥፍሩ ጫር አድርጎ አይረባም ብሎት ሄደ። ክሬቨን ግን ጌታው ወደ ውጭ አገር በሄደ ጊዜ በመፈተኛው ላይ አኖረው፤ ሦስት ሳምንት ተፋትጎም ቴፍሎን በአንድ ቀን ከሚፈጨው ያነሰ ተፈጨ። ቻርንሊ ዳግመኛ እንዳይሳሳት የሁለቱንም ዱቄት በራሱ ጭን ውስጥ አስገብቶ ቈየ፤ የቴፍሎኑ አብጦ ጓጐለ። ይህንንም በ1963 «ላንሴት» በሚባለው የሐኪሞች ጋዜጣ ለዓለም አስታወቀ።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ በኋላ ቴፍሎንን በሰው መጋጠሚያ ውስጥ የሚያኖር ይገኛል ትል ይሆን? በ1983 በአሜሪካ ቴፍሎን ያለበት የመንጋጋ መጋጠሚያ ንጣፍ ለገበያ ተፈቀደ፤ ለብዙ ሺህ ሰዎችም ተተከለ። መንጋጋ በየጊዜው የሚያኝክ መሆኑ የታወቀ ነው። ንጣፉ ተፈጨ፥ ዱቄቱም ዐጥንቱን በላ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ጥፋቱ እስከ ራስ ቅል ግርጌ ደረሰ። መንግሥት በ1990 መጨረሻ ማስጠንቀቂያ አወጣ፥ በሚቀጥለውም ዓመት ንጣፉ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ቻርንሊ በገዛ ጭኑ የገዛው እውቀት ሃያ ዓመት ሙሉ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጦ ነበረ።

ስዊድናውያን በ1975 የጕልበት፥ በ1979 የዳሌ ተከላ መዝገብ አቋቋሙ፤ ምን ዐይነት ዕቃ ለማን እንደ ተተከለ፥ መቼስ እንደ ወጣ ይጻፍበታል። ሌሎችም መንግሥታት ተከተሏቸው። ኳሱም ጽዋውም ከኮባልትና ከክሮም የሆነ አንድ ዐይነት የዳሌ መጋጠሚያ በመጣ ጊዜ፥ ከልክ በላይ እየወጣ መሆኑን የአውስትራሊያ መዝገብ ከ2007 ጀምሮ አሳየ። የእንግሊዝና የዌልስ መዝገብም በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶው 12 ወይም 13 ያህሉ እንደገና መቀደዳቸውን መሰከረ። ዕቃው ከዓለም ገበያ የተሰበሰበው በነሐሴ 2010፥ ወደ 93,000 ሰዎች ከተተከለላቸው በኋላ ነው፤ የአውስትራሊያ መዝገብ ከተናገረበት ጊዜ እስከዚያ ድረስ ግን ሐኪሞች በየአገሩ ሲተክሉት ቈዩ።