የቀድሞ ወታደሮች ሕመም፣ የአእምሮ ጤናና የኑሮ ሁኔታ

በምሥራቅ አዲስ አበባ ከአያት ተነስቶ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው፣ በ2008 ዓ.ም አገልግሎት የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በአንደኛው ጫፍ ሰፊ የመኖሪያ መንደር፣ በሌላኛው ደግሞ አካባቢው ስሙን ያገኘበት የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ይገኛል። በውጊያ የቆሰለ የሠራዊት አባል ቁስሉ በሆስፒታል ይደርቃል፤ ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ አብሮት ወደ መኖሪያ ቤቱ ይመለሳል።

ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም ወደ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጀምሮ በየዘመኑ በርካታ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ መልሳለች። ከግንቦት 1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከ450 ሺህ በላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላት የተበተኑ ሲሆን፣ እነርሱንና የጦር ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ሥራ ጀምሮ ነበር። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር የተካሄደው ጦርነት ካበቃ በኋላም ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች ተሰናብተዋል። በ2015 ዓ.ም የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በበኩሉ ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ኅብረተሰቡ ለመመለስ አቅዶ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም በትግራይ ክልል ሥራውን ጀምሯል።

በሕክምና አጠራር ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። በሰውነት ውስጥ የቀረ የፈንጂ ስባሪ፣ የተጎዳ ነርቭ፣ ለዓመታት ከባድ ጭነት የተሸከመ ወገብና ጉልበት ዋና ዋና መነሻዎቹ ናቸው። እግሩ የተቆረጠ ሰው በሌለው እግሩ ላይ የማቃጠል ወይም የመውጋት ስሜት ሊሰማው ይችላል። ይህ ከነርቭና ከአንጎል አሠራር የሚመነጭ እውነተኛ ሕመም እንጂ ምናብ ወይም ማስመሰል አይደለም።

በአእምሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ለዓይን አይታይም። ያለፈውን ውጊያ በቅዠት ደጋግሞ ማየት፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጥ፣ ከሰው መራቅና ቶሎ መቆጣት የተለመዱ ምልክቶች ናቸው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህንን ሁኔታ ራሱን የቻለ የጤና ችግር አድርጎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ሕመሙና የአእምሮ ጭንቀቱ እርስ በርስ ይባባሳሉ፤ ሕመም እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣት ሕመምን የመቋቋም አቅም ይቀንሳል፣ ሕመሙም የቆሰሉበትን ቀን ያስታውሳል። አንዳንዶች ማስታገሻ ፍለጋ ወደ መጠጥ ማዘንበላቸው ቤተሰብን ለተጨማሪ ችግር ይዳርጋል። ሁለቱን በአንድነት ማከም የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህም መድኃኒት፣ የምክር አገልግሎትና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ይሰጣሉ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። በምሥራቅ አዲስ አበባ ደግሞ ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ከሚሰጡ ተቋማት አንዱ ነው።

የሕግ ማዕቀፎችም አሉ። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 የመከላከያ ሠራዊት አባላትን ያካተተ ሲሆን፣ ከሥራ የመጣ ጉዳት በሕክምና ቦርድ ማስረጃ ይረጋገጣል። በመሆኑም ሕመሙና የአእምሮ ጉዳቱ በወቅቱ በሕክምና መዝገብ ካልሰፈሩ ባለመብቱ በኋላ ማስረጃ ለማቅረብ ይቸገራል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኞች በሥራ ስምሪት አድልዎ እንዳይደርስባቸው ይከለክላል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ ያዛል።

የኑሮ ሁኔታ የሚለካው ግን በጡረታ አበል ብቻ አይደለም። አያትን በመሳሰሉ አካባቢዎች ከሚገኙ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ብዙዎቹ አሳንሰር የላቸውም። በዕጣ አሰጣጡ ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ድርሻ ቢያዝም፣ አራተኛ ፎቅ ተከራይቶ ለሚኖርና በሰው ሠራሽ እግር ለሚንቀሳቀስ ሰው ደረጃው ከሕክምናም፣ ከሥራም፣ ከዕድርም የሚለየው ይሆናል።

ስለሆነም በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚገኙ ኃላፊዎችና ሠራተኞች በአገልግሎት አሰጣጣቸው ይህንን ሊያስቡበት ይገባል። በሰልፍ መካከል የሚቆጣ፣ ቀጠሮ የሚረሳ ወይም መቀመጫ የሚጠይቅ ባለጉዳይ የማይታይ ጉዳት ሊኖርበት ይችላል። ጉዳዩን በምድር ቤት ማስተናገድ፣ ሕመሙን አምኖ መቀበልና ወደ ጤና ጣቢያ መምራት አዲስ በጀት የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው።