ጠጅ እና ወይን ጠጅ በአዲስ አበባ

ጠጅ ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ የሚዘጋጅ የኢትዮጵያ ባህላዊ የአልኮል መጠጥ ነው። ወይን ጠጅ ደግሞ ከወይን ፍሬ ይሠራል። በአዲስ አበባ ሁለቱም ይቀርባሉ፤ አመጣጣቸው ግን የተለያየ ነው። በከተማዋ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ በሚገኙት በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራሮች አካባቢ ባህላዊው መጠጥ ጠጅ ነው። የወይን እርሻዎች የሚገኙት ሞቃትና ደረቅ በሆነው በስምጥ ሸለቆና በአዋሽ ተፋሰስ ሲሆን፣ ምርታቸው ወደ ከተማዋ የሚገባው በጠርሙስ ታሽጎ ነው። ይህ መጣጥፍ ስለ ሁለቱ መጠጦች ታሪክ፣ አሠራርና አቀማመስ እንዲሁም የጠጅን ጥራት ስለሚፈታተነው የስኳር ቅልቅል ያብራራል።

ስያሜ

በአማርኛ ከወይን ፍሬ የሚሠራው መጠጥ «የወይን ጠጅ» ወይም በአጭሩ «ወይን» ይባላል። «ጠጅ» ብቻ ሲባል ግን የማሩ ማለት ነው። ስያሜው ራሱ በአገሩ ቀድሞ የታወቀው የትኛው እንደሆነ ያመለክታል፤ የወይኑ መጠጥ ስሙን ያገኘው ከማሩ ነው። ጠጅ በግዕዝና በትግርኛ «ሜስ»፣ በኦሮምኛ «ዳዺ» ይባላል። ማሩ በውኃ ተበጥብጦ ገና ሳይፈላ ሲጠጣ «ብርዝ» ይባላል። ብርዝ አልኮል ስለሌለው ሙስሊሞች፣ ሕፃናትና አልኮል የማይጠጡ ሰዎች በበዓልና በድግስ ላይ ይጠጡታል።

የሥራው ግስም ከመጠጥ መጠጥ ይለያያል። ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ይወጣል። ጠጅ የምትሠራ ባለሙያ «ጠጅ ጣይ» ትባላለች።

ታሪክ

የወይን ጠጅ በጥንታዊት ኢትዮጵያ የታወቀ ቢሆንም ብዙ አልነበረም። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መመሪያ (ፔሪፕለስ) በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ግዛት ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የመጣ ጥቂት ወይን ጠጅ ይጠቅሳል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ለቅዳሴ የሚያገለግለው ወይን ከዘቢብ እንደሚዘጋጅ ጽፏል። ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ የቅዱስ ቁርባን ወይን የሚዘጋጅበት ሥርዓት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ።

ጠጅ ግን ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። ገበሬው ከሚከፍላቸው ግብሮች አንዱ ማር ስለነበር ብዙው ማር ወደ ገዢዎች ቤት ይገባ ነበር። ተራው ሕዝብ በአብዛኛው የሚጠጣው ጠላ ነው። ንጉሡ ለሠራዊቱና ለሕዝቡ ግብር ሲያበላ ግን ጠጅ በብዛት ይቀርብ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አዛወሩ። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራው ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ ይጎበኛል። ተራራው ቀዝቃዛ ከመሆኑም በላይ የማገዶ እንጨት እያነሰ በመሄዱ መናገሻው ቁልቁል ወደ ፍልውኃ ወረደ፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ከተማዋ እያደገች ስትሄድ ጠጅ ከቤተ መንግሥት አዳራሽ ወጥቶ በየሰፈሩ የሚሸጥ መጠጥ ሆነ። «ጠጅ ቤት» የሚባለው መሸታ ቤትም ተስፋፋ።

አሠራር

ማር በክብደቱ 80 በመቶ ያህል ስኳር ነው። ይህን ያህል ስኳር ባለበት እርሾ ሊሠራ አይችልም፤ ስለዚህ ማሩ በውኃ መቅጠን አለበት። በተለምዶ ለአንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውኃ ይጨመራል። አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በውስጡም 1.1 ኪሎ ግራም ያህል ስኳር አለ። ይህ ከአምስት ሊትር ውኃ ጋር ሲደባለቅ በአንድ ሊትር ብርዝ ውስጥ 190 ግራም ገደማ ስኳር ይገኛል። የበሰለ ወይን ጭማቂ በአንድ ሊትር 200 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር አለው። በሌላ አነጋገር ጠጅ ጣይዋ በልማድ የምታውቀው ልክ ማሩን ወደ ወይን ጭማቂ መጠን ያቀርበዋል።

አሠራሩ ከቤት ቤት ቢለያይም ዋና ዋናዎቹ ደረጃዎች የሚከተሉት ናቸው።

1. ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያ በወይራ እንጨት ጭስ ይታጠናል።
2. ማሩ ከነሰፈፉ በውኃ ይበጠበጣል፤ ጋኑ ተሸፍኖ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይቀመጣል። ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ይገፈፋል።
3. ከብርዙ ጥቂቱ ተቀንሶ ከተከተከተ የጌሾ እንጨት ጋር ይፈላል፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ጋኑ ይመለሳል።
4. መፍላቱ ከበረደ በኋላ ጌሾው ወጥቶ ጠጁ በጨርቅ ይጠለላል።

ጠጁ ለመድረስ በሞቃት ቦታ ስምንት ቀን ያህል ሊበቃው ይችላል። በቀዝቃዛ ቦታ ግን ከ15 እስከ 20 ቀን ይፈጃል። በባሕር ጠለል ላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው የእንጦጦ ጫፎች ሥር ባሉት ሰፈሮች፣ በተለይ በክረምት፣ ጠጅ ቶሎ አይደርስም።

በተለምዶ በጠጅ ላይ ከውጭ የሚጨመር እርሾ የለም። ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጡት ከማሩ፣ ከጌሾውና ከዕቃው የሚመጡ እርሾዎች ናቸው። ዋናው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ የሚባለው ነው። ከእርሾዎቹ ጋር የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ስለሚያድጉ ጠጅ መጠነኛ ጎምዛዛነት ያገኛል። ጌሾ ምሬት ይሰጣል፤ የማይፈለጉ ባክቴሪያዎችን በመግታትም መጠጡን ይጠብቃል። በቢራ ውስጥ ጌሾን የሚተካው ሆፕ የሚባለው ተክል ነው።

በዚህ ተፈጥሯዊ አሠራር ምክንያት የአንዱ ጠጅ ቤት ጠጅ ከሌላው አንድ አይሆንም። የአልኮል መጠኑ ከጥቂት በመቶ ጀምሮ እስከ ወይን ጠጅ መጠንና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ጠጁ ከተቀዳ በኋላም መፍላቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ሲቆይ ይጎመዝዛል። ሳይጣራና ሳይሞቅ በጠርሙስ ቢታሸግ የሚፈጠረው ጋዝ ክዳኑን ሊያፈናጥር ይችላል። ጠጅን እንደ ወይን ጠጅ አሽጎ ርቆ ለመሸጥ አስቸጋሪ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወይን በእንጦጦ ለምን አይለማም?

የወይን ተክል ፍሬውን ለማብሰል ሙቀትና ፀሐይ ይፈልጋል፤ ፍሬው በሚበስልበት ጊዜ ዝናብ ሲበዛ በሻጋታ በሽታዎች ይጠቃል። እንጦጦና የካ ተራራ ከፍታቸው ትልቅ፣ ሌሊታቸው ቀዝቃዛ፣ ክረምታቸው ከባድ ነው። ስለዚህ በጓሮ ሐረግ ማሳደግ ቢቻልም ለፋብሪካ የሚሆን የወይን እርሻ አይታሰብም።

ለንብ ግን አካባቢው ተስማሚ ነው። ከ1880ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ፣ አሁንም በየሸለቆው የሚገኙት ግራዋና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች፣ በመስከረም ተራራውን የሚያለብሰው አደይ አበባ ሁሉ ንቦች የሚቀስሟቸው ናቸው። ከአደይ አበባ ወቅት በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ዋናው የማር ቆረጣ ይካሄዳል።

የወይን ጠጅ ፋብሪካዎች

አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ በአዲስ አበባ የሚገኝ ሲሆን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የማምረቻ ቦታዎቹ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ በልደታና በመካኒሳ ናቸው። ወይኑ ከሚለማባቸው ቦታዎች አንዱ በአርሲ ዞን በላይኛው አዋሽ የሚገኘው መርቲ ነው። ፋብሪካው ለብዙ ዓመታት በመንግሥት እጅ ከቆየ በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. ለግል ባለሀብቶች ተሸጧል። ከምርቶቹ መካከል ጉደር (ደረቅ ቀይ)፣ አክሱማይት (ጣፋጭ ቀይ) እና አዋሽ ክሪስታል (ደረቅ ነጭ) በሰፊው ይታወቃሉ።

ካስትል ወይን ጠጅ ፋብሪካ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ፣ በኦሮሚያ ክልል በዝዋይ (ባቱ) ከተማ አጠገብ ይገኛል። ያቋቋመው በኢትዮጵያ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን ሲያመርት የኖረው የፈረንሳይ ኩባንያ ካስትል ነው። ከፈረንሳይ የመጡ የወይን ችግኞች ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተተክለው የመጀመሪያው ምርት በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉት ዝርያዎች ይለማሉ፤ «ሪፍት ቫሊ» እና «አኬሺያ» በሚሉ ስሞችም ይሸጣሉ።

ዝዋይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ቦታ ነው። አፈሩ አሸዋማ፣ ዝናቡ መጠነኛ ሲሆን እርሻው በመስኖ ይጠጣል። በአውሮፓ የወይን ተክል በክረምቱ ብርድ ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል። ለምድር ወገብ በቀረበው በዝዋይ እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ፣ ተክሉ የሚያርፍበትንና የሚያፈራበትን ጊዜ የሚወስነው ገበሬው በግርዛትና በመስኖ ነው።

አቀማመስ

ጠጅ የሚጠጣው አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ክብ በሆነ የመስታወት ዕቃ ነው። ዕቃው ብርሌ ይባላል። ጠባቡ አንገት የማሩን ሽታ ሰብስቦ ያቆያል። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው የታወቀ ተረትም ከዚሁ የመጣ ነው። ብርሌ ከመለመዱ በፊት ከቀንድ የተሠራ ዋንጫ ያገለግል ነበር።

በጠጅ ቤት ሦስት ዓይነት ጠጅ ማዘዝ የተለመደ ነው።

ለስላሳ፦ ብዙም ያልፈላ፣ ጣፋጭና አልኮሉ ዝቅተኛ የሆነ።
መካከለኛ፦ ጣፋጭነቱና ምሬቱ የተመጣጠነ።
ደረቅ፦ ስኳሩ ፈልቶ ያለቀ፣ ምሬቱ የጎላና አልኮሉ ከፍተኛ የሆነ።

ለሚቀምስ ሰው ከለስላሳው ጀምሮ ወደ ደረቁ መሄድ ይመከራል። ደረቁ ከቀደመ ምላስ ላይ የሚቀረው የጌሾ ምሬት የለስላሳውን ጣዕም ይሸፍናል። ለስላሳ ጠጅም ቢሆን አልኮል አለው፤ ጣፋጭነቱ ስለሚያታልል ሳይታወቅ ብዙ ሊጠጣ ይችላል።

ለጠጅ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ማየት የሚፈልግ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ሾላ ገበያ መጎብኘት ይችላል። ገበያው በቅቤ፣ በማርና በቅመማ ቅመም ይታወቃል። እንጦጦ ማርያምና ቤተ መንግሥቱ፣ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ፣ በየካ ተራራ ላይ ከዓለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤልም በዚሁ የከተማዋ ጫፍ ናቸው። እንጦጦ ምእመናን ለጸበል የሚሄዱበት ቦታ በመሆኑ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢ መጠጥ ይዞ መግባት ነውር ነው። በሕግም ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው።

የማርና የስኳር ጥያቄ

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ከምርቷም ከፍተኛው ድርሻ ለጠጅ ይውላል። ማር ግን ከስኳር እጅግ ውድ ነው። በዚህ ምክንያት በንግድ የሚቀርብ ጠጅ ብዙ ጊዜ ከማሩ ከፊሉ በስኳር ተተክቶ፣ ቢጫው መልክም በቀለም ተመስሎ ይሠራል። ለእርሾ ሁለቱም ምግብ ስለሆኑ ከስኳርም አልኮል ይገኛል። የሚጎድለው ንቧ ከአበባው ያመጣችው ጣዕምና ሽታ ነው።

ልዩነቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ማር ራሱ እንደ አበባው ነጭ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ስለሚሆን የጠጁ መልክ ማስረጃ አይሆንም። ድፍርስ መሆኑም እንዲሁ፣ ያልተጣራ ጠጅ ሁሉ ድፍርስ ነውና። በላቦራቶሪ ግን መለያ አለ። የኢትዮጵያ ስኳር የሚመረተው በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረው የወንጂ ፋብሪካ አንሥቶ ከሸንኮራ አገዳ ነው። ሸንኮራ አገዳ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር የሚይዝበት መንገድ ንቦች ከሚቀስሟቸው አብዛኞቹ ዕፅዋት የተለየ በመሆኑ፣ በስኳሩ ውስጥ ያለው የካርቦን-13 መጠን ከማር ከፍ ይላል። ይህን መጠን በመለካት በማር ላይ የአገዳ ስኳር መጨመሩን ማወቅ ይቻላል። ዘዴው በዓለም አቀፍ የማር ንግድ ውስጥ የታወቀ ቢሆንም መሣሪያው ውድ ስለሆነ አንድ ጠጅ ቤት ሊገዛው የሚችል አይደለም።

በታሸገ ወይን ጠጅ ላይ የአምራቹ ስም፣ የአልኮሉ መጠንና ብዙ ጊዜ የወይኑ ዝርያ ተጽፎ ይገኛል። በብርሌ የሚቀርብ ጠጅ ጽሑፍ የለውም። ጠጪው የሚተማመነው በጠጅ ጣይዋ ስምና በራሱ ምላስ ብቻ ነው። ለድግስና ለበዓል ብዙ ቤተሰቦች ማሩን ራሳቸው ገዝተው በቤታቸው የሚጥሉት ወይም ለሚያውቋት ጠጅ ጣይ የሚሰጡትም ለዚህ ነው። ንጹሕ የማር ጠጅ የሚያቀርቡ ጠጅ ቤቶች በስኳር ከሚሠሩት ጋር በዋጋ መወዳደር ይከብዳቸዋል፤ ገዢው ልዩነቱን ካላወቀና ካልጠየቀ ደግሞ ማሩን ከነጥራቱ ለማቅረብ የሚደክመው አናቢም ተገቢውን ዋጋ አያገኝም።