ኑዛዜ፣ መሬትና እርከን በጉኑኖ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለተናዛዥ ሦስት መንገድ ሰጥቶታል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ቃሉን አስጽፎ በ4 ምስክሮች ፊት ያስነብባል፤ የተማረው በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ሞት የቀረበው መስሎ የተሰማው ደግሞ ለ2 ምስክሮች በቃል ይናዘዛል። ንብረትን ሳይከፋፍሉ በባለአደራ እጅ የማስተዳደር ሥርዓትም ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ተደንግጓል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ በሥነ ሥርዓት ረገድ እምብዛም የጎደለው ነገር የለም።

በወላይታ ምድር፣ በጉኑኖ፣ ከባዱ ጥያቄ ግን የኑዛዜው አጻጻፍ ሳይሆን የሚናዘዙበት ሀብት ነበር። ከ1887ቱ የምኒልክ ዘመቻ በኋላ የገባርነት ሥርዓት ስለ ተተከለ፣ ለልጁ የሚያወርሰው ርስት በእጁ የነበረው ሁሉም አራሽ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገባሩን ነፃ አወጣ፤ ዳሩ ግን መሬትን በውርስ ማስተላለፍን ከለከለ። ባለይዞታው ሲሞት በመሬቱ የመጠቀም መብት ለባል ወይም ለሚስትና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች፣ እነርሱ ከሌሉም አካለ መጠን ለደረሰ ልጅ እንዲያልፍ ተደረገ። እንሰቱን የተከለው አባት ኑዛዜ ቢጽፍም ስለ መሬቱ ቃሉ አይጸናም ማለት ነው።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የእርሻ ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ በጉኑኖ አቋቋሙ። በዚያም የዝናቡ መጠን፣ በተዳፋቱ ላይ የሚወርደው ጎርፍና ይዞት የሚሄደው አፈር በየጊዜው ይለካ ነበር። ለመሐንዲስ ነገሩ ግልጽ ነው፤ እርከን የሚከተለው የመሬቱን ከፍታ መስመር እንጂ የወራሾችን ወሰን አይደለም።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ባለይዞታው ለቤተሰቡ አባላት እንዲያወርስ ፈቀደ። የቤተሰብ አባል ሲልም ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራውን ሰው ነበር። እንግዲህ አባቱ አስተምሮ ወደ ከተማ የላከው ልጅ ከዚህ ትርጉም ውጭ ወደቀ፤ ለትምህርቱ የተከፈለው ዋጋ ይኸ መሆኑ ያሳዝናል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል።

ማሳው ለሁለት ወንድማማች ሲከፈል አንዱ እርከን በሁለቱም ድርሻ ያልፋል። የላይኛው ወራሽ ድርሻው ጠበበኝ ብሎ እርከኑን ያረሰው እንደሆነ፣ ውኃው በታችኛው ወንድሙ እንሰት ላይ ይወርዳል። ኑዛዜው በ4 ምስክሮች ፊት የተነበበ ቢሆንም፣ የመፍሰሻው ቦይ በማን ድርሻ እንደሚያልፍ ካልተጻፈበት ነገሩ ለሽማግሌዎች ይቀራል።