መታ፦ ከራስ ምታት እስከ ስትሮክ

ሞጆ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት በደረቅ ወደቧ ያርፋል፤ የሐዋሳው መንገድ ከአዳማው የሚለየውም እዚያው ነው። ረጅም መንገድ የነዳ ሾፌር፣ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛና ከሉሜ ቀበሌዎች ጤፍ ጭኖ የገባ ገበሬ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ኦሮምኛውና አማርኛውም አብረው ይገናኛሉ። በዚህች ከተማ አንድ ሰው በድንገት አፉ ቢጣመም፣ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ቢለው፣ ምላሱ ቢተሳሰር፣ በዙሪያው ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ለበሽታው ስም ያወጣለታል። አንዱ «ምች ነው» ይላል። ሌላዋ «መጋኛ መታው» ትላለች። ሦስተኛው «ደም ብዛቱ ተነሥቶበት ነው» ሲል አራተኛው «ስትሮክ ነው» ይላል። የመጀመሪያው ስም ወደ ዳማከሴ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ወደ ጠበል፣ ሦስተኛው ትናንት ወደ ተቋረጠው ኪኒን፣ አራተኛው ወደ ሆስፒታል። የነርቭ ሐኪም ሥራ ታካሚው አልጋ ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ ቤተሰቡ በመረጠው ቃል ይጀመራል። የእነዚህን ቃላት ሥር መቆፈር ያስፈለገኝም ለዚህ ነው።

ከአራቱ ስሞች ሦስቱን አንድ ግሥ ያስተሳስራቸዋል፦ መታ። ምች መታው፣ መጋኛ መታው፣ ስትሮክ መታው። አማርኛ ሕመምን አድራጊ፣ ሰውን ደግሞ ተደራጊ አድርጎ ይናገራል፤ «ራሴን አመመኝ» እንላለን፤ ብርድ ይመታናል፤ ፀሐይ ይመታናል። ከዚሁ ግሥ ብዙ ስሞች ተወልደዋል። «ራስ ምታት» አንዱ ነው። «ምት» ሌላው ነው። «ምች»ም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ከ«ከፈተ» «ከፋች»ን፣ ከ«ሞተ» «ሟች»ን ያወጣው የት ወደ ች መለወጥ ከ«መታ»ም «መቺ»ን አውጥቷል፤ «ምች»ም ከዚያው ረድፍ ነው። ምች የሚባለው ሕመም ከፀሐይ፣ ከላብና ከነፋስ ጋር ተያይዞ ሲነገር የኖረ ነው፤ ዳማከሴም «የምች መድኃኒት» የሚለውን ሁለተኛ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። ቃሉ ቋንቋ ተሻግሮም ኖሯል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ያንኑ ቅጠል «ቆሪቻ ሚቺ» ይለዋል።

ሕመምን በመምታት መሰየም የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። የጥንት ግሪኮች ይህን በሽታ አፖፕሌክሲያ አሉት፤ ቃሉ «መትቶ ጣለ» ከሚል ግሥ የወጣ ነው። ጀርመኖች ሽላግአንፋል ይሉታል፤ ሽላግ ምት ነው። ቻይናዎች በጥንታዊ ሕክምናቸው «በነፋስ መመታት» ብለው ሰየሙት፤ «ነፋስ መታኝ» ለሚል ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም። እንግሊዞች በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ «የእግዚአብሔር እጅ ምት» ይሉት ነበር፤ ሐረጉ በጊዜ ብዛት አጥሮ ስትሮክ ብቻ ቀረ፤ ትርጉሙም ያው ምት ነው። ስለዚህ ዛሬ «ስትሮክ መታው» የሚል የሞጆ ሰው ሳያውቀው አንዱን ቃል በሁለት ቋንቋ ይደግመዋል። ከእነዚህ የተለየ መንገድ የያዘው ዐረብኛ ነው፤ «ሰክታ» ብሎ ዝምታን ስም አድርጎታል፤ የታማሚው አንደበት በድንገት ዝም ማለቱን አይቶ።

እነዚህ የተራራቁ ሕዝቦች ወደ አንድ ግሥ የመጡት ሁሉም አንድ ነገር ስላዩ ነው፤ ድንገተኛነቱን። ኪንታሮት ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሳል ይከርማል፤ ይህ ግን በአንዲት ቅጽበት ሰውን ከሁለት ይከፍላል። የነርቭ ሐኪምም ዛሬ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ በድንገት ነው ወይስ ቀስ እያለ? ፊት በአንድ በኩል መጣመም፣ አንድ እጅ ወይም እግር መክዳት፣ ንግግር መኮላተፍ ወይም መጥፋት፣ በሕይወት ዘመን ያልታየ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ እነዚህ በድንገት ከመጡ ሌላ ማረጋገጫ እስኪገኝ ድረስ ስትሮክ ናቸው። «መታ» የሚለው ግሥ ምርመራውን ግማሽ መንገድ አስኬዶልናል። የሚያሳስተን መቺውን ስንሰይም ነው።

ባለሙያዎች «የአንጎል ምት» የሚል ስም አቅርበዋል፤ ጥሩ ስም ነው። ሕዝቡ ስትሮክን የመረጠው «ምት» በአማርኛ ሌላ ሥራ ስላለው ይመስለኛል፤ የልብ ምት የሕይወት ምልክት ነው። ሆኖም ሁለቱ ምቶች በሕክምናው ውስጥ በእውነት ይገናኛሉ። በልጅነቱ የጉሮሮ ሕመም ያልታከመለት ሰው አንዳንዴ የልቡ በር ይጠብበታል፤ የሩማቲክ የልብ በሽታ የሚባለው ይህ ነው፤ በሀገራችን ገና በወጣትነታቸው ስትሮክ የሚመታቸውን ሰዎች ያበዛው አንዱ ምክንያትም ነው። በሩ የጠበበበት ልብ ምቱ ይዛባል፤ ምቱ የተዛባ ልብ ውስጥ ደም ይቆማል፤ የቆመ ደም ይረጋል፤ የረጋው ቁራጭ በደም ሥር ተጉዞ አንጎል ላይ ይደርሳል። የልብ ምት መዛባት የአንጎል ምት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ስም ለሁለቱ መዋሉ ሐኪሙ ለቤተሰብ ሲያስረዳ ሊጠቀምበት የሚችል ሀብት ነው።

«ረጋ» ደግሞ ራሱ ሊታይ የሚገባው ቃል ነው። እርጋታ ከዚህ ይወጣል፤ እርጎም ከዚህ ይወጣል። ወተት ሲረጋ መልካም ነው፤ ደም ከሥሩ ውስጥ ሲረጋ ግን ከዚያ ወዲያ ያለው የአንጎል ክፍል ደም ይጠማል። ሁለተኛው ዓይነት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሥሩ ይፈነዳል፤ ደሙ አንጎል ውስጥ ወይም በአንጎል ሽፋኖች መካከል ይፈሳል። መርጋትና መፍሰስ በቃል ተቃራኒ ቢሆኑም በአልጋው ላይ ግን አንድ ይመስላሉ፤ ያው የተጣመመ አፍ፣ ያው የከዳ እጅ። የስዊዙ ሐኪም ዮሐን ያኮብ ቬፕፈር እ.ኤ.አ. በ1658 ባሳተመው መጽሐፍ ከአፖፕሌክሲያ በስተጀርባ የአንጎል ደም መፍሰስ እንዳለ በአስከሬን ምርመራ አሳየ፤ በሕይወት ያለውን ሰው አንጎል ግን ሊያይ አይችልም ነበር። ያን ያስቻለው እ.ኤ.አ. በ1971 ለመጀመሪያ ጊዜ በታካሚ ላይ የተሞከረው ሲቲ ስካን ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሥዕሉን ሳያይ መድኃኒት ለመምረጥ ይቸገራል። ለረጋ ደም የሚጠቅም አስፒሪን ለሚፈሰው ደም ጠላት ነው፤ ቤት ውስጥ «ደም ያቀጥናል» ተብሎ የሚዋጥ አስፒሪን ያስፈራል የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ስም እንመለስ፤ ደም ብዛት። ከአራቱ ለሐኪም ከባዱ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እውነትም ስሕተትም አለበት። እውነቱ፣ ለስትሮክ፣ በተለይም ለአንጎል ደም መፍሰስ ዋናው መንሥኤ እርሱ መሆኑ ነው። ስሕተቱ «ብዛት» የሚለው ቃል ነው። ደሙ አልበዛም፤ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው የበዛው። በስሙ የተነሣ «ደም ማነስ አለብሽ» የተባለች እናት ደም ብዛት ሊኖርባት እንደማይችል ታምናለች፤ ብዛትና ማነስ አብረው አይኖሩማ! በእርግጥ ግን አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ስለ ደሙ ይዘት ነው፣ ሌላው ስለ ግፊቱ። «ግፊት» የተሻለ ቃል ነው፤ «ገፋ» ከሚለው ግሥ የወጣና በግዕዙ «ገፍዐ» በኩል የ«ግፍ» ዘመድ የሆነ። ለዓመታት ያለ ምልክት የደም ሥርን ግድግዳ የሚበድል ነገር በዚህ ስም ቢጠራ ተገቢው ነው። የሞጆ ኦሮምኛ ተናጋሪ በዚህ በኩል ቀድሞናል፤ «ዺባ ዺጋ» ይላል፤ የደም ግፊት ማለት ነው። «ብዛት» የሚል ሰው ራሱን ሲያመው ብቻ ኪኒን ይውጣል፤ ግፊት መሆኑን የተረዳ ሰው ግን ሳያመውም መግፋቱን እንዳላቆመ ያውቃል፤ መድኃኒቱንም በየቀኑ ይውጣል። በአንድ ቃል መለወጥ የሚድን ሰው ካለ ይህ ነው።

የሐኪሙ ስምም የራሱ ታሪክ አለው። ኒውሮሎጂ የሚለውን ቃል ለሕክምና ያስገባው እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ ነው፤ ስለ አንጎል አካል በ1664 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ። «ኒውሮን» በጥንቱ ግሪክ ጅማት ነው፤ የቀስት ገመድም ይባልበታል። ጅማትንና ነርቭን በአንድ ስም መጥራት በግዕዝም አለ፤ «ሥርው» ሥርም ነው፣ ጅማትም ነው፣ ነርቭም ነው። አማርኛችን ይህንኑ ወርሶ «የደም ሥር» ይላል፤ «የእግሬ ሥር ተሸማቀቀ»ም ይላል። «ሥርወ ቃል» ስንልም ይህንኑ «ሥርው» ነው የምንጠራው። የቃል ሥር የሚፈልግና የደም ሥር የሚመረምር በአንድ ስም ይሠራሉ። ሐኪሙ በትንሿ የጎማ መዶሻ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን ጅማት መታ አድርጎ የነርቩን መልስ ሲጠብቅ፣ የጥንቱ ኒውሮንና የዛሬው ነርቭ በአንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ።

ከምቱ በኋላ ላለውም ቃላት አሉን። «እጁ ከዳው» እንላለን፤ የሚታመን አካል ድንገት የባለቤቱን ቃል አልሰማም ሲል ከዚህ የሚቀርብ ግሥ የለም። «እጁ ሰለለ» የሚለው ከወራት በኋላ የሚመጣውን ያያል፤ ሥራ ያጣ ጡንቻ ይቀጥናል፤ «ሰላላ»ም ቀጭን ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድን «መፃጉዕ» ብላ ሰይማዋለች፤ 38 ዓመት አልጋ ላይ በተኛው ሰው ስም። ፓራላይዝ የሚለውም ከግሪክ የመጣ ነው፤ «በአንድ ጎን መላላት» ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ቃላት የተበጁት ለዚህ በሽታ ሕክምና ባልነበረበት ዘመን ስለሆነ የነገሩን መጨረሻ እንጂ መጀመሪያውን አያሳዩም።

ያ ዘመን ሩቅ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በተደጋጋሚ ተመትተው በ1902 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የመጣባቸው ምት አካላቸውን አሰረ፤ አንደበታቸውንም ወሰደ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በአልጋ ላይ ቆዩ። በሞጆ በኩል የሚያልፈውን ባቡር የፈቀዱት ንጉሥ ሐዲዱ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ አላዩትም። ሐኪሞች ነበሯቸው፤ የአንጎል ሥዕል ግን አልነበረም፤ የደም ግፊት ኪኒንም አልነበረም።

የእኛ ዘመን የተለየ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በቡታጅራ ዙሪያ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰዎች በሚኖሩበት አካባቢ የነርቭ በሽታዎችን መዘገቡ። በ2006 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬ ሲቲ ስካን ያለበት ሆስፒታል ከሞጆ በመኪና የሚደረስበት ነው፤ ወደ አዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ አዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ። ትልቅ የደም ሥር የተዘጋበት አንጎል በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎች ያጣል ተብሎ ተሰልቷል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምቱ ከጀመረበት አንሥቶ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ በሀገራችን እንደ ልብ ባይገኝም፣ በጊዜ የደረሰ ሰው ግፊቱ ይስተካከልለታል፣ መዋጥ መቻሉ ይመረመራል፣ ሳንባው ከመታፈን ይድናል፣ የፊዚዮቴራፒ ሥራም ቶሎ ይጀመርለታል። ለዚህም ነው መዋጥ ላቃተው ሰው በአፉ ምንም አይሰጥ የሚባለው፤ ውኃም፣ ወተትም፣ የዳማከሴ ጭማቂም፣ ጠበልም፤ ወደ ሳንባ ይገባበታልና። ጸሎቱ በመንገድ ላይም ይደረጋል።

ስለዚህ የምመኘው የቃላት ሥርዓት ይህ ነው። «መታ»ን እንያዘው፤ የአባቶቻችን ዐይን ያየውን ድንገተኛነት ይዟልና። «ምች»ን ለትኩሳትና ለከንፈር ቁስል እንተወው፤ አፍ ሲጣመምና እጅ ሲከዳ ከቶ አናንሣው። «ደም ብዛት»ን በ«ደም ግፊት» እንተካው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም፣ ሬዲዮውም፣ ሰባኪውም በአንድ ድምፅ። «ሽባ ሆነ» የሚለውን ፍርድ በመጀመሪያው ሳምንት አንናገረው፤ የመዳኑ ትልቁ ድርሻ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ ነውና። በሆስፒታሉ በር ላይ ደግሞ ሐኪሙ ከስሙ ይልቅ የሚፈልገው ሰዓቱን ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የታየው መቼ ነው? «ጠዋት» ወይም «ቡና ሲጠጣ» አይበቃም። «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደህና ነበር፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መታው» ማለት የሚችል ቤተሰብ ለሐኪሙ ትልቁን መሣሪያ አቀብሎታል።